በረዥሙ አበራ ክንድ የተለካ ቤት

ቤት ስለመግዛት ምክር የፈለገ ሰው ወደ እኔ ይምጣ። አላፍርም፤ ዛሬም እመክራለሁ። ቤት መግዛትን የመሰለ ቀላል ነገር የለም፤ ዓይን ያለው ያያል፣ ጆሮ ያለው ያዳምጣል፣ አፍንጫ ያለው ያሸታል። እኔ ሦስቱም ነበሩኝ፤ በዚያ ላይ የሐኪም ማዳመጫም ነበረኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዤ የገዛሁት ቤት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በመቶ ሃያ ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ለምን እንደተገኘ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ባትፈርዱም እኔ ፈርጃለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዲላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። የዛሬ ሰው ድሬሰር ሲባል ቁስል አጥቦ ፋሻ የሚጠቀልል ብቻ ይመስለዋል። ኧረ ተዉኝ! ያኔ ድሬሰር ማለት ጥርስ የሚነቅል፣ ስብራት የሚያስር፣ ወባ የሚያባርር፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ ሲቸግርም የታመመ በቅሎ የሚያይ ማለት ነበር። አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም ሰው ማሳፈር ስለማልወድ አቤት እላለሁ። መርፌዬን የቀመሰ ሰው ሳምንት ሙሉ በአንድ ጎኑ ነው የሚቀመጠው። «እጁ ከባድ ነው» እያሉ ያሙኛል። ቅናት ነው። በቀላል እጅ የደነገጠ በሽታ የለም።

ማርታን የወደድኳት የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቿን ለክትባት አሰልፋ ያመጣች ቀን ነው። ስልሳ ሕፃን ገና መርፌውን ሳያይ ያለቅሳል። እሷ መሃል ቆማ «ዝም!» አለች። ስልሳውም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። በዚያው ቀን ይህች ሴት ሚስቴ ናት ብዬ ወሰንኩ። እሷን አልጠየቅኋትም፤ እኔ ከወሰንኩ ምን ያስጠይቃል? ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ አቶ ጅግሶ የዱመርሶ ቡና ገበሬና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ አይስቁም። ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ብለው መለሷቸው። በሦስተኛው ግን ቁርጡን ተናገሩ።

«ልጄ ኪራይ ቤት አትገባም። ቤት ይሥራ። ቤቱ የማይነቃነቅ ይሁን፤ የሰው ድንበርም አይንካ። የሰው ድንበር የሚገፋ ሰው ነገ ሚስቱንም ይገፋል። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። እሺታዬም እንቢታዬም ከዚያ በኋላ ነው።»

ሽማግሌዎቼ ሲወጡ ደግሞ በር ላይ ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠው አገኙ። የፍስሐ ገነት ከተማ አንድ ቡና ነጋዴ ለልጁ የላካቸው ናቸው። ልጁ ባለ ሰባት ክፍል ግንብ ቤት አለው አሉ። «ሰባት ክፍል ምን ያደርግለታል? ሲተኛ በፈረቃ ነው?» ብዬ ሳቅሁ። እውነቱን ግን ልናገር፣ ማርታን ያን ጊዜ ባጣት ኖሮ ዛሬ ይህን የምታነቡት ሌላ ሰው ጽፎት ነበር።

አሁን እንግዲህ ቤት። ጭቃ ቤት ላቁም ብል ማገር ሲማገር፣ ጭቃው ሲቦካ፣ ሲመረግ፣ ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ፣ እንደገና ሲመረግ ዓመት ያልፋል። በዓመት ውስጥ የነጋዴው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ይጨምራል። ምን ይሻላል ብዬ ስጨነቅ፣ መድኃኒት ተጠቅልሎበት ከመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ የቤት ሥዕል አየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ቤት በቁርጥራጭ ይሠራል፤ በመኪና ጭኖ ይልካል፤ ሰው ልኮ በስምንት ቀን ይገጣጥማል። ግድግዳው ሳንቃና ኮምፖርሳቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስታወት። እንደዚህ ያለ ነገር የሚመጣው አስቀድሞ ለተጻፈለት ሰው ነው አልኩና በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ርዝመቱ አሥራ አራት ክንድ፣ ወርዱ ዘጠኝ ክንድ እንዲሆን ጠየቅሁ፤ ዋጋውን ቆርጠው፣ መጥቼ እንዳይና እንድፈርም መለሱልኝ።

ቦታ ነበረኝ። ከማዘጋጃ ቤት የተመራሁት ከትልቁ መንገድ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ያለ ቦታ ነው። ከመንገዱ በኩል ጽጌረዳ ተክዬበታለሁ። ከታች በኩል የሚያዋስነኝ የእትዬ ቦጋለች እንሰት ነው። እትዬ ቦጋለች ከቡሌ ደጋ የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ከአቶ ጅግሶ ጋር አንድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ይህን ያዙልኝ።

ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ብቻዬን አይደለም። ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ሚስጥሩ ይገባዋል። አቡጀዲ በክንድ በሚሸጥበት አገር፣ ብልህ ገዢ ገንዘቡን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ረዥም ሰው ይዞ ይሄዳል። ዲላ ውስጥ ረዥም ሰው ማለት አበራ ነው። የቡና መጋዘን ወዛደር ነው፤ ቆሞ ጉልበቱን ያካል። የዲላ እናቶች ለልጆቻቸው ጨርቅ ሊገዙ ሲያስቡ መጀመሪያ አበራን ነው የሚፈልጉት። ነጋዴዎቹም አበራ በአንዱ ጥግ ብቅ ሲል በሌላው ጥግ ሱቅ ይዘጋሉ። እኔ ታዲያ ለአምስት ክንድ አቡጀዲ የሚፈለገውን ሰው ለአንድ ሙሉ ቤት ብወስደው ይፈረድብኛል? ክንድ ብዬ ጻፍኩ እንጂ የማን ክንድ እንደሆነ አልጻፍኩም።

በአውቶቡስ ሻሸመኔ አድረን አዲስ አበባ እስክንገባ የአበራ ጉልበት የፊተኛውን ተሳፋሪ ጀርባ ሲደልቅ ዋለ። ሰውየው ሞጆ ላይ «ዶክተር ነህ ይሉሃል፤ የዚህን ሰው ግማሽ እግር ቆርጠህ ለምን አታሳርፈንም?» አለኝ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው።

ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ለናሙና የቆመ ቤት አለ። ባለቤቱ ቀይ ፊት ያለው፣ አማርኛን በማንኪያ እየቆነጠረ የሚናገር ፈረንጅ ነው፤ ሠራተኞቹ «ሙሴ» ይሉታል። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ በአንድ ዓይኔ ቀጥ ማለቱን አየሁ። አበራን ወለሉ መሃል አቁሜ «ዝለል» አልኩት፤ ዘለለ፤ ጭንቅላቱ ኮርኒሱን መታ፤ ኮርኒሱ ቻለ፣ አበራ ግን ተቀመጠ። መስኮት ዘግቼ «ከውጭ ሆነህ ስደበኝ» አልኩት፤ ሰደበኝ፤ አልተሰማኝም። በሩን ሠላሳ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። በመጨረሻም ማዳመጫዬን ከኪሴ አውጥቼ በጆሮዬ ሰካሁና ግድግዳውን ላይና ታች አዳመጥኩት፤ የእንጨት ብል ካለ ሲያኝክ ይሰማል ብዬ ነው።

ሙሴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ታሟል?» አለኝ።

«ጤነኛ ነው» አልኩት። «አሁን ልኩን እንያዝ።»

ሜትር አወጣ። እጁን ያዝኩት። «ሙሴ፣ ሜትር የእናንተ ነው፤ ክንድ ግን የእግዚአብሔር ነው። ውላችንም በክንድ ነው። አበራ፣ ና ለካ!»

አበራ መሬት ላይ ተንበርክኮ ክንዱን ዘረጋ። ሙሴ ያን ክንድ ሲያይ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና ከት ብሎ ሳቀ። «እሺ» አለ፤ በየክንዱ ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ በኋላም ምልክቱን በሜትሩ ለክቶ በደብተሩ ጻፈ። አሥራ አራት የአበራ ክንድ በዘጠኝ የአበራ ክንድ። ፈረምኩ። ስንወጣ አበራን ትከሻውን ቸብ አደረግሁት፤ በአንድ ቤት ዋጋ አንድ ቤት ከእልፍኝ ጋር አገኘን አልኩት። ሰው ብልህ ሆኖ ሲፈጠር ራሱንም ይገርመዋል።

ዲላ ተመልሼ ግንበኛ ጠራሁ። ቤቱ የሚቀመጥበት የድንጋይ እግር ያስፈልጋል። ግንበኛው ማሞ ይባላል፤ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ቁመቱ ከበርሜል ትንሽ ይበልጣል። «አሥራ አራት ክንድ በዘጠኝ ክንድ» አልኩት፤ «ከጽጌረዳው ጀምረህ እስከ እትዬ ቦጋለች ድንበር። ጽጌረዳዬን የነካ ሰው ግን ከእኔ መርፌ አያመልጥም።» ማሞም በገዛ ክንዱ ለክቶ የድንጋዩን እግር ደረደረ። ልክ ድንበሩ ላይ ደረሰና አለቀ። አያችሁ፣ ሲያምር!

እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ አንባቢዎች አላችሁ። ያኔ አጠገቤ ሆናችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?

የቤቱ መኪና በመጣ ቀን እኔ ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ገደብ ወረዳ መሄጃዬ ነበር። ሳንቃው ተደራርቦ፣ ሸራ ለብሶ ሲገባ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ «የማን ይሆን? ነፍሱን ይማር» አለ። «ቤቴ ነው» አልኩት። «ውይ! መቼ አረፈ?» አለኝ። ከመኪናው ጋር አንድ ቱታ የለበሰ ገጣጣሚ መጥቷል። ማሞን አስተዋወቅሁትና «ሁሉ ነገር ተለክቷል፣ ሁሉ ነገር ተመርምሯል፣ ጽጌረዳው ብቻ እንዳይነካ» ብዬ መርፌዬን ይዤ ገደብ ሄድኩ። አሥር ቀን ሙሉ የከተብኩትን ሰው ሁሉ «ሳሎኔን መጥታችሁ እዩ» እያልኩ ጋበዝኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ተመለስኩ። ከመንገዱ ላይ ቆሜ ቤቴን ሳየው እንባዬ መጣ። አረንጓዴ ቀለም፣ ነጭ መስኮት፣ ጽጌረዳዬ ከነቅጠሉ። ማሞ በር ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ ትእዛዝህ ተፈጽሟል። አበባው አልተነካም» አለኝ። ገጣጣሚውስ? ሥራውን ጨርሶ ማለዳ በመጣበት መኪና ሄዷል፤ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል፤ ከወር በኋላ ዞሮ አይቶ ይሄዳል።

ገባሁ። ሳሎኑን አየሁ፤ ደስ አለኝ። ወደ መኝታ ቤቱ ዘለቅሁ። መኝታ ቤቱ መሃል አንድ ክንድ ወርድ ያለው አረንጓዴ ነገር ተጋድሟል። የእንሰት ቅጠል ነው። በመስኮቱ ገብቶ አልጋው የሚዘረጋበት ቦታ ላይ አርፏል።

«ማሞ! ይህ ምንድን ነው?»

«እንሰት ነዋ።»

«እንሰት መሆኑንማ አየሁ! መኝታ ቤቴ ምን ይሠራል?»

«እሱ አይደለም የመጣው» አለ ማሞ። «መኝታ ቤትህ ነው ወደ እሱ የሄደው። ቤቱ ከደረደርኩት እግር ረዘመ። ወደ ፊት እንዳንወስደው ጽጌረዳው አለ፣ መርፌውም አለ። ስለዚህ ወደ ኋላ ጥቂት እግር ጨመርንለት።»

ወጥቼ ከኋላ ዞርኩ። ቤቴ ወገቡ ድረስ የእኔ ነው፤ ከዚያ በታች የእትዬ ቦጋለች ነው። ሦስት የደረሱ እንሰቶች ከሥሩ ተጨቁነው ጎንበስ ብለዋል። «ስንት ክንድ ተሻገረ?» አልኩት። ማሞ ክንዱን ሊዘረጋ ሲል «ተው! አትለካ! ዳግመኛ ማንም ሰው በፊቴ ክንድ እንዳይዘረጋ!» ብዬ ጮህኩ።

ከእንሰቱ መሃል ድምፅ መጣ። «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጣህ። ቤትህ ቀድሞህ መጥቶ ሰላም ብሎናል።»

እትዬ ቦጋለች ናቸው፤ በግንዲላ ላይ ተቀምጠው ቤቴን እንደ እንግዳ ያዩታል። መቼም ደንግጫለሁ፤ ግን መደንገጥና መደንገጥን ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የቤት ጥላ ለእንሰት እንደሚስማማ በሕክምና የተረጋገጠ መሆኑን ነገርኳቸው። «ለእንሰቱ ንገረው» አሉኝ። የእንሰቱን ዋጋ ልክፈል አልኩ። «ይህን እንሰት የተከልነው ከባለቤቴ ጋር ነው። አይሸጥም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል መሰለኝ፤ ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

«እሁድ ጅግሶ ቤትህን ሊያይ ይመጣል አሉ» አሉኝ ቀጥለው። «እኔ ምንም አልናገርም። ጅግሶ ግን ዓይን አለው። የባልቴት መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት አይቶ ልጁን የሚሰጥ ይመስልሃል?»

አልመሰለኝም። ረቡዕ ነው፤ እሁድ አራት ቀን ነው። ብሎኑን ፈትተን እንደገና እንግጠመው ብዬ ተነሳሁ፤ መፍቻው ከገጣጣሚው ጋር ሄዷል። ሐሙስ የዲላን ባለጋራዦች መፍቻ ሁሉ ሰብስቤ ሞከርኩ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠብባል። የአዲስ አበባ ብሎን የዲላን መፍቻ ይንቃል። ዓርብ ከአንድ የቡና ጫኝ መኪና ሹፌር ክሪክ ተዋስኩ። የቤቱን አንድ ጥግ ከፍ አድርጌ በትንሽ በትንሹ ወደ ፊት እገፋዋለሁ ብዬ ነው። አበራ ክሪኩን ከታች ሲያዞር የኋለኛው ጥግ ከፍ አለ። የፊተኛው በር በራሱ ጊዜ ተከፈተ። የጎረቤት ውሻ ገባ። ወለሉ አዘንብሎ ኖሮ ውሻው ከሳሎን እስከ በር ተንሸራቶ ወጣ፤ ሁለተኛ በእኔ ደጅ አላለፈም። ሹፌሩ «ክሪኬን መልስልኝ፤ ይህ እብደት ነው» ብሎ ወሰደው።

ማሞ አጠገቤ ቆሞ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ጀመረ። «ጨርሰህ እንዳትናገረው» አልኩት። አልጨረሰም፤ ግን ሁለታችንም በሆዳችን ጨረስነው።

ያን ጊዜ ሳሎኔ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ደጅ ላይ ያለው ሰው እንዳይሰማ አፌን በመሐረቤ ይዤ አለቀስኩ። ለቤቱ አይደለም። ማርታ የነጋዴውን ልጅ አግብታ፣ ሰባቱን ክፍል በየተራ «ዝም!» ስትል ታየኝ።

እትዬ ቦጋለች በራፉ ላይ ቆመው ኖሯል። ገቡና እንደ ልጅ ካንገቴ ቀና አደረጉኝ። «ወንድ ልጅ በቤት ምክንያት ያለቅሳል? አንሳውና ወደዚያ አድርገው እንጂ።»

«እትዬ፣ ምኑን ላንሳ?»

«ቤቱን ነዋ! በእኛ አገር በቡሌ የቀርከሃ ቤት ይነሳል። ሰው ቦታ ሲለውጥ ቤቱን ትቶ ይሄዳል እንዴ? ጎረቤት ይመጣል፣ ከሥሩ እንጨት ያስገባል፣ ይሸከማል፣ ይሄዳል። እኔ ራሴ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ቤት ሁለት ጊዜ ሄዷል።»

«ያ ቀርከሃ ነው፤ ይህ ሳንቃና ቆርቆሮ ነው!»

«ታዲያ ሰው ይጨመርበታላ» አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንተ ስንት ሰው ወግተሃል?»

አሰብኩ። «መላውን አገር።»

«እንግዲህ ይመጣል» አሉ።

መጣም። እትዬ ቦጋለች ማታውን በየአቅጣጫው ሰው ልከው ኖሯል። ቅዳሜ ማለዳ ከኪራይ ቤቴ ስመጣ ቦታዬ በሰው ተሞልቷል። ከቡሌ የመጡ ረዣዥም ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሰዎች፣ የቡና መጋዘን ወዛደሮች፣ ከሱቅ የመጡ ጉራጌዎች፣ ሱሪያቸውን እያስተካከሉ እኔን በጎን የሚያዩ የድሮ በሽተኞቼ። አንዱ ቀረብ ብሎ «ዶክተር፣ ይህን ቤት ካነሳሁልህ ከእንግዲህ በኪኒን ታክመኛለህ?» አለኝ። ቃል ገባሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ቃል አስገባኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከቤቱ ሥር እንጨቶቹን አሳልፎ፣ ቤቱን አንስቶ፣ አምስት ክንድ ወደ ፊት መውሰድና ማስቀመጥ። ጽጌረዳዬ ያልቃል፤ ይለቅ! እትዬ ቦጋለች ግንዲላቸው ላይ ቆመው መሪ ሆኑ። እኔ የፊት ለፊቱን ጥግ ከአበራ ጋር ያዝኩ፤ ከአበራ ጋር መሸከም ማለት ግን እንጨቱን ቆሞ በአድናቆት ማየት ማለት ነው፤ እጄ አይደርስም።

«ሆ!» አሉ እትዬ ቦጋለች።

«ሆ!» አለ መቶ ሃያ ሰው።

ቤቱ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ! በእግዚአብሔር ስም፣ ተነሳ! የተጨቆኑት እንሰቶች ቀና ሲሉ ቅጠላቸው ተንሿሿ። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የእኔ ግን ቤት ሆነ። ሦስት እርምጃ ሄድን። አራተኛውን ልንል ስንል በላያችን ያለው የሳሎን መስኮት ብርግድ ብሎ ተከፈተና የሴት ጭንቅላት ወጣ።

«ቁሙ!»

መቶ ሃያው ሰው ቆመ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።

«ማርታ?» አልኩ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«መጋረጃ እየለካሁ ነበር» አለች፤ በእጇ የልብስ ስፌት ሜትር ይዛለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ማንም ሳያየኝ በማለዳ አይቼ ልመለስ መጥቼ ነበር። ሰው ሲመጣ አፍሬ ተደበቅሁ። ቤቱ ይሄዳል ብሎ ማን ነገረኝ?»

ወዲያው ከመንገዱ ላይ የሚያስል ሰው ሰማሁ። አቶ ጅግሶ ናቸው፤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። እሁድ ሊመጡ ነበር፤ ግን ቤት የሚታየው ባለቤቱ ሳይዘጋጅ ነው ብለው በዋዜማው መጡ። እንዲህ ነው የብልህ ሰው ጥፋቱ። የማይነቃነቅ ቤት ሊያዩ መጥተው ቤቱ ወደ እሳቸው ሲራመድ አዩ፤ በመስኮቱ ደግሞ ልጃቸው አለች።

«ማርታ!» አሉ።

«አባዬ፣ ዘወር በል! ቤቱ ይመጣብሃል!»

አቶ ጅግሶ ዘወር አሉ። ቀና ብለው ቤቱን አዩ፤ ጎንበስ ብለው እንሰቱንና እዚያ የቀሩትን የድንጋይ እግሮች አዩ፤ ሁሉም ገባቸው። እኔን አዩኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር፤ እኔም እሸሽ ነበር፣ ግን አበራ ጎኔን በጉልበቱ ይዞብኛል።

«ጌታዬ፣ ቤቱን ወደ ራሴ ድንበር እየመለስኩት ነው» አልኩ፤ ድምፄን አጽንቼ።

«አያለሁ» አሉ።

«ልጅዎ እንዳለችበት አላወቅሁም።»

«ያንንም አያለሁ።»

«ኧረ ክንዳችን ተገነጠለ!» አለ አንድ ከኋላ። ማርታ ግን ወደ ጽጌረዳው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ሁለቱም ጎን እያየች ነው።

«ለመሆኑ ይህን ቤት ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«ወደ ፊት» አልኩ።

«ለምን? በሩ መኪና መንገድ አፍ ላይ ሊገባ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ የቡና መኪና አቧራ ልጠጣ? ቦታው እኮ ከርዝመቱ ስፋቱ ይበልጣል! አዙሩትና አግድም አስቀምጡት፤ ከእንሰቱም ይርቃል፣ አበባውም ይተርፋል፣ በሩም የጠዋት ፀሐይ ያገኛል።»

መቶ ሃያ ሰው ቤት ተሸክሞ አሰበ። ማሞ ቦታውን በዓይኑ ለካና «ወይኔ ሰውየው!» ብሎ ግንባሩን መታ። እውነቷን ነው። ያ ቦታ ለሁለት ዓመት የእኔ ሲሆን አንድ ቀን በወርዱ አይቼው አላውቅም።

አቶ ጅግሶ ኮታቸውን አውልቀው ለአንዱ ሽማግሌ ሰጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መጥተው በእኔ ቦታ ገቡ። «አንተ ዞር በል፤ እጅህ አይደርስም» አሉኝ። «በሉ፣ ልጄ ያለችው ትክክል ነው። ከዚያ ያላችሁ ቀስ በሉ፣ ከዚህ ያላችሁ ተራመዱ። ሆ!»

ቤቱ ዞረ። ማሞ ከፊት ከፊት እየሮጠ ድንጋይ ይደረድራል። ማርታ ከመስኮቱ «ግራ! ትንሽ ግራ! ይበቃል! አይ፣ ገና ነው!» ትላለች። አቶ ጅግሶ ልጃቸውን «እሺ፣ እሺ» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። በመጨረሻ ቤቱ ጎኑን ወደ መንገዱ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ ቁጭ አለ። እትዬ ቦጋለች እንሰታቸውን ዳስሰው «ይድናሉ» አሉ።

ሁሉም ሰው መሬት ላይ ሲዘረጋ እኔ በሩን ልከፍትላት ሮጥኩ። አልከፈት አለ። ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ አበራ በትከሻው መታው። በመንገድ ላይ ቤቱ ትንሽ ጠመም ብሎ ኖሮ በሩ ከመቃኑ ጋር ተያይዟል፤ ገጣጣሚው ካልመጣ የሚፈታው የለም። ወደ መስኮቱ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ።

«ማርታ፣ በመስኮት ውረጂ። እኔ እይዝሻለሁ።»

እጄን አየችው። ወደ ውስጥ ዞራ ሳሎኑን አየች፤ ፀሐይ ገብቶበታል። ተመልሳ ክርኖቿን መስኮቱ ላይ አደረገች።

«ምን ቸኮልኩ? እኔ ቤት ውስጥ ነኝ። ደጅ የቀረኸው አንተ ነህ።»

አቶ ጅግሶ ኮታቸውን እየለበሱ መጡ። «እውነቷን ነው» አሉ። «እንግዲህ ቤቱ እሷ ዘንድ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ሽማግሌውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ይላክ።» ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ሳቅ ነው ብለው ማሉልኝ።

በሕይወቴ ወደ ገዛ ቤቴ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ኮሌታዬን አስተካክዬ ወደ እትዬ ቦጋለች ዞርኩና እጅ ነሳሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው አምስት እርምጃ ሄደው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ይህ ዶክተር ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል» አሉ። «እስከ ዛሬ ሳይጠይቅሽ መቅረቱን ይቅር በይው።»

ማርታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እኔ ያን ናሙና ቤት የመረመርኩትን ያህል መረመረችኝ፤ ማዳመጫ ብቻ ነው የቀራት።

«ቤቱን አይቼዋለሁ፤ ይስማማኛል» አለች። «እሱንም እንዲሁ ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። እሺ በሉት።»

ሠርጋችን በሁለተኛው ሳምንት ሆነ። ገጣጣሚው ገና አልመጣም ነበር። ሚዜዎቼ እየጨፈሩ እስከ ቤቱ አደረሱንና ሁለታችንም በመስኮት ገባን፤ እሷ ቀድማ፣ እኔ አማቼ ከኋላዬ እየገፉኝ።